ለግራ እግር የመጣ ፍሪሲዮን

ፍሪሲዮኑ ከዱባይ የደረሰው ወንድምጋሼ ግራ እግሩን አጥቶ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ነው።

ወንድምጋሼ የምለው ታላቄን ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ በር ላይ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ እሱ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሚኒባሱ እንጀራው ነው። ነፍሱ ግን ግቢያችን ጥግ የቆመችው አሮጌ ዲኤክስ ላይ ነበረች። ሞተሯን ቀይሮ፣ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ፣ አልፎ አልፎ ለሚደረግ የመኪና ውድድር ያሰናዳታል። አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ከመጨረሻው አንድ ሰው ብቻ ቀድሞ ገባ፤ ቤት የመጣው ግን ዋንጫ እንደበላ ሰው እየዘፈነ ነበር። የድሮው ፍሪሲዮን የአዲሱን ሞተር ጉልበት አልችል እያለ ስለሚንሸራተትበት፣ ለውድድር የሚሆነውን ዓይነት ዱባይ በሚሠራ ጓደኛው በኩል አዘዘ።

ዕቃው እስኪመጣ ጋራዥ ውስጥ ምስማር ረገጠ። ስኳር አለበት። ቁስሉ አልድን አለ፤ ጠቆረ፤ በኋላ ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ካርቶኑን ስቀበል ልደብቀው አስቤ ነበር። በግራ እግር የሚረገጥ ዕቃ ግራ እግሩ ለሌለው ሰው እንዴት ተደርጎ ይሰጣል? ጓደኛው ግን ደውሎ ነግሮታል። "አምጪው" አለኝ። አልጋው ላይ ከፍቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ዙሪያውን በመዳፉ ዳበሰው።

በማግስቱ መኪናዋን ሁልጊዜ የሚሠሩለት ሽማግሌ መካኒክ መጥተው ካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ አወረዱ። ችግሩ ያኔ ታወቀ። ፍሪሲዮን የሚታሰርበት ፍላይዊል የሚባል አለ፤ ከሞተሩ ጀርባ ሆኖ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ ነው። አዲሱ ፍሪሲዮን ከአሮጌው ይሰፋል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከፍላይዊሉ ጋር አይገጥሙም።

"ቶርኖ ቤት ወስደን አዲስ ቀዳዳ እናስወጣለት" አለ ወንድምጋሼ።

"አይሆንም" አሉ መካኒኩ። "ያረጀ ብረት ነው። ቀዳዳ አብዝተህበት በዚያ ፍጥነት ብታዞረው ይፈነዳል። ከፈነዳ ደግሞ ወለሉን ቀዶ ነው የሚገባው፤ እግር ነው የሚ…"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ይጨርሱት እንጂ ጋሼ" አለ ወንድምጋሼ። "የሚቆርጠው አንድ ብቻ ነው የቀረው።"

ማናችንም አልሳቅንም።

መካኒኩ ሲወጡ ተቆጣሁት። "ለማን ብለህ ነው? ማን ሊረግጠው?"

"እታለም፣ ሆዷ ተከፍቶ እያየኋት እንቅልፍ አይወስደኝም። የሚገጥም ፍላይዊል ይገኝላትና ትዘጋ።"

በስፌት ጠመኔዬ የፍሪሲዮኑን ክብ ወፍራም ካርቶን ላይ አሰመረ፤ የብሎኖቹን ቦታ አንድ በአንድ ነጠበ። ፍላይዊሉ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን የመሐሉን ቀዳዳዎች ደግሞ በሌላ ካርቶን አወጣ። እኔ በመቀስ ቆረጥኩ፤ የልብስ ቅድ እንደማውጣት ነው። "ሁለቱም የሚገጥሙለት ከተገኘ፣ እሱ ነው" አለኝ።

አዳማ ውስጥ አሮጌ መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሁሉ ዞርኩ። አንዳንዱ ካርቶኑን ሳያይ "ባልሽን ላኪው" ይለኛል። ወለንጪቲ አንድ የተገለበጠች መኪና አለች ተባልኩና ሄድኩ፤ ሞተሯ ቀድሞ ወጥቷል፣ በቦታው ዶሮ ታቅፋበታለች። በመጨረሻ መካኒኩ ሻሸመኔ ያሉ አንድ ሐጂ ዘንድ እንድሞክር ነገሩኝ።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት ቁርሱን ሳቀርብለት ብርድ ልብሱን እስከ ወገቡ ስቦ ነበር። በዚያ ሙቀት። ልብ አላልኩትም።

ቡልቡላ ላይ ቲማቲም የያዙ ሴትዮ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። "አካም" ብለው ሰላም አሉኝና ካርቶኖቹን አዩ። "ወንፊት ልትሠሪ ነው?"

"የመኪና ዕቃ ልክ ነው፣ እማማ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። በስተቀኝ አቢጃታ ይታያል፤ ውኃው ሸሽቶ ነጭ ዳርቻው ብቻ ሰፍቷል። እሱን አልፈን ሻሸመኔ ደረስን።

ሐጂው ግቢ ውስጥ ፍላይዊሎቹ እንደ ድፎ ዳቦ ተደራርበው ዝገዋል። ሐጂው የወሎ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና ቀብተው ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

"ወንድሜ ነው የላከኝ" አልኳቸው።

"ምነው፣ ራሱ አልመጣም?"

"እግሩ ተቆርጧል፣ ሐጂ።"

"የትኛው?"

"ግራው።"

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። ካርቶኑን አገላብጠው አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ታዲያ ፍሪሲዮን ምን ያደርግለታል ብለው የሚጠይቁኝ መስሎኝ መልስ ስፈልግ እሳቸው ግን "አላህ ያሽረው" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክምሩን ራሳቸው ያገላብጡ ጀመር።

አንዱን ባነሱ ቁጥር ካርቶኖቹን አሳርፍበታለሁ። የመሐሉ ሲገጥም የዳሩ እምቢ ይላል፤ የዳሩ ሲገጥም የመሐሉ። እጃችን በዝገት ቀላ። ከሰዓት በኋላ ከክምሩ ሥር በወጣው ላይ ሁለቱም ቀዳዳ ለቀዳዳ ተቀመጡ። ሐጂው ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ በብሎን መቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

"ወላሂ ደህና ነው፣ ልጄ።"

በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። እግሬ ደንዝዞም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሸተተኝ። ያን ሽታ ከመጀመሪያው እግሩ አውቀዋለሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። የቀኝ እግሩ ጣቶች ጠቁረዋል።

"መቼ ነው የጀመረህ?"

"ቆይቷል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ሻሸመኔ አትሄጂማ።" ከዚያ ዓይኑን ከረጢቱ ላይ ጥሎ "ተገኘ?" አለኝ።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ከረጢቱን ፈትቶ ብረቱን አቀፈው።

ሐኪሞቹ ቀኙም ቶሎ ይቆረጥ አሉ። ወንድምጋሼ "ይበቃኛል" አለ። ለመንኩት፤ የንስሐ አባታችን መጥተው ለመኑት፤ መካኒኩም እንባ አውጥተው ለመኑት። አልሰማንም። መካኒኩ ሌላ ማድረግ የሚችሉት ነገር ስላልነበረ መኪናዋ ሥር ገብተው ፍላይዊሉን አሰሩ፤ ፍሪሲዮኑም ያለምንም ትግል ገጠመ።

ሞተሯ የተነሳበት ቀን ተሸክመን ከፊት ወንበር አስቀመጥነው። እኔን መሪው ላይ አስቀመጠኝ። "በግራሽ ርገጪ" አለኝ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱንም እግሮቼን ጫንኩበት። ማርሹን እሱ አስገባ።

"ቀስ ብለሽ ልቀቂ።"

ቀስ ማለት አልቻልኩም። መኪናዋ ወደ ፊት ዘልላ ሞተሯ ጠፋ፤ ግንባሬ ከመሪው ጋር ተጋጨ።

"ያዘች!" ብሎ ጮኸ። "አየሽ እንዴት እንደያዘች?" ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፈው ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ትንፋሽ አጠረውና ወደ ቤት መለስነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ አልወጣም። ትኩሳቱ ሲበረታ ሰው አይለይም፤ ሲቀልለት ውኃ ይጠይቀኛል። በዝናቡ መግቢያ አንድ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ አርፏል። ለቅሶ የመጡት ዘመዶች "ምነው በግድም ቢሆን ባስቆረጥሽው" አሉኝ። እኔም ለራሴ ያላልኩት ነገር አልነበረም። ሰውን በግድ እንዴት እንደሚያስቆርጡት ግን የነገረኝ የለም።

ከአርባው በኋላ መኪናዋን የሀዋሳ ሰው ገዛት። ሊወስዳት የመጣ ቀን ዝናብ ነበር፤ መካኒኩ ናቸው እስከ አስፋልቱ የሸኙት። እኔ አልወጣሁም። ለቅዳሜ የሚደርስ የሚዜ ቀሚስ ተረክቤ ነበርና የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ መስፋቴን ቀጠልኩ።