ውሻው እስኪያድግ

ትናንት እንጅባራ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ያቀፈችው ትንሽ ውሻ በቀጭን ድምፁ ሲጮህ ልቤ አዲስ ቅዳም፣ የልጅነቴ ቤት ደረሰ።

አባባ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ እንዲህ ያለ ጢማም ውሻ ተቀብሎ አምጥቶልን ነበር። ቡችላ መስሎን ቡቹ አልነው። ድንች የሚጨርስብን ፍልፈል ከሸተተው ጉድጓዱን እየቆፈረ እስከ ወገቡ ይገባል፤ ጅራቱን ይዘን ብንጎትተውም አይወጣም። ቁመቱ ግን ከቦቲ ጫማዬ አይበልጥም።

በዚያ ክረምት አባባ አልጋ ያዘ። ቡቹ እግሩ ሥር ተኝቷል።

«አባባ፣ ትተኸን ትሄዳለህ እንዴ?» አልኩት።

የውሻውን ጆሮ እያሻሸ ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው። «ይሄ ውሻ ሳያድግማ የትም አልሄድም» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡቹ እንዳያድግ ብዬ ምግቡን በድብቅ ለዶሮዎች በተንኩት። እሱም ጢሙን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

አባባ ድንቹ ሳይቆፈር ሞተ። ቡቹ ያኔም ከቦቲዬ አልበለጠም።

«ቡችላ ነው?» አልኳት ልጅቷን።

«ኧረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! ዘሩ ነው እንጂ፣ ከዚህ በላይ አያድግም።»

ለካ አባባ ያኔ የሳቀው ይህን ስለሚያውቅ ነበር። እኔ ግን ያን ውሻ በከንቱ አስራብኩት።