በባዶ ሆድ ወደ ግሽ ዓባይ

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስን ሐኪሞቹ «እቤት አስታሟቸው» ብለው ሲሸኟቸው፣ ያማራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያደጉበት የሰከላ ጠበል፣ የግሽ ዓባይ።

«አመጣልሻለሁ» አሉ ባለቤታቸው ጋሼ አንዳርጋቸው።

ነገሩ እንደ አነጋገራቸው ቀላል አልነበረም። በጦርነቱ ምክንያት ወደዚያ የሚሄድ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። ሲገኝ ሲገኝ የሚያልፈው እግረኛና ሳይክል ነው። ጋሼ አንዳርጋቸው ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሳይክል ተመላልሰዋል፤ ግን በባሕር ዳር ሜዳ ላይ። ሰከላ ተራራ ነው።

አጥራችን አንድ ስለሆነ ማታ ማታ ልጠይቃቸው ስገባ ዕቅዱ ሲወጣ እሰማ ነበር። መንገዱን የሚያውቁት በሽተኛዋ ናቸው። እሳቸው ከአልጋቸው ይናገራሉ፤ ጋሼ አንዳርጋቸው መሬት ተቀምጠው የሳይክላቸውን ጎማ ካላማዳሪያ እየለጠፉ ያዳምጣሉ።

«ከሰከላ በታች ሸለቆ አለ» ይላሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ። «ቁልቁለቱን ወርደህ ወንዙን ትሻገራለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ሳይክልህን ትሸከመዋለህ እንጂ እሱ አይሸከምህም።»

«ሃያ ዓመት ተሸክሞኛል፤ ብድሩን እመልሳለሁ።»

«ቀልድ ተው! በልቶ ወደ ጠበሉ አይቀረብም። ስለዚህ ሳይመሽ ወንዙን ተሻግረህ ከዳገቱ ሥር እደር፤ ጧት ዳገቱ ብቻ ይቀርሃል። ወዲህ ማዶ ካደርህ ግን ቁልቁለቱም ዳገቱም በባዶ ሆድ ሊሆንብህ ነው። አትችለውም።»

ስለዚህ ሰውነታቸውን ማስለመድ ጀመሩ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ጎህ ሲቀድ የቤዛዊትን ኮረብታ በሳይክል ይወጣሉ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ሲያዩዋቸው «ጋሼ፣ ለኦሎምፒክ ነው እንዴ?» ይሏቸዋል።

«አንተ ከኋላ ግፋኝ እንጂ ሜዳሊያውን እሰጥሃለሁ!»

ሲመለሱ ግን ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ይዘረጉ ነበር። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ያንን እያዩ ልጃቸውን መሲን «ቁርስ ስጪው» ይላሉ፤ በልተው እስኪጨርሱ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

ሊነሡ ቀን ሲቆረጥ የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሰውነት በጣም ደክሞ ነበር። ጋሼ አንዳርጋቸው ትንሽ ጀሪካን ከኋላ አስረው፣ በሶ ይዘው፣ ገና ሳይነጋ ወጡ። ሚስታቸው ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀሷቸውም።

የሆነውን ኋላ ራሳቸው ነገሩን። ከአዴት በኋላ ባለው ኮረኮንች ጎማው ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሸለቆው አፋፍ ሲደርሱ ጨለመ፤ ወዲህ ማዶ አደሩ። ጧት በባዶ ሆድ ወረዱ፤ ተሻገሩ፤ ሳይክሉን ተሸክመው መውጣት ጀመሩ። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ዓይናቸው ጨለመ።

ሲነቁ አንዲት ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ራሳቸውን ደግፋ ይዛለች፤ አፋቸው ውስጥ ቂጣ አለ። ሳያውቁት ውጠዋል።

«ወይኔ፣ ጠበል እኮ ልቀዳ ነው!» አሉ።

ሴትየዋ ደነገጠች። «እኔ አላወቅሁም፣ አባቴ። ታዲያ ማን አየዎት? ይሂዱ ይቅዱ፤ እኔ እንደሁ ትንፍሽ አልል።»

«ለታመመ ሰው የምወስደውን ዋሽቼ ልቅዳ?»

ደርሰው ለቄሱ እውነቱን ተናገሩ። ቄሱ አዘኑ፤ ግን «ነገ ጧት ይምጡ» አሏቸው። ስልክ አይሠራ፣ የቤታቸውን አያውቁ፤ ያን ቀን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ዋሉ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ እኔና መሲ ከበሽተኛዋ አጠገብ ነበርን። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ገለጡና «በልቷል?» አሉ። መሲ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ጋሼ እዚያ ዳገት ላይ ጾማቸውን እንደሆኑ ሁለታችንም አልተጠራጠርንም።

«በልቷል፣ እማዬ፤ ጠግቧል» አለች መሲ።

ሲመሽ አንደበታቸው ተዘጋ።

ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ጋሼ አንዳርጋቸው ጀሪካኑን ይዘው ሲገቡ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ገና ይተነፍሱ ነበር፤ ከዚያን ዕለት ጧት ጀምሮ ግን መዋጥ አልቻሉም። ባለቤታቸው ጣታቸውን እያጠቀሱ ከንፈራቸውን አራሱላቸው። አንድ ቀን ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ ይጠጡት እንደነበር ማንም አልነገራቸውም፤ ያውቁት ነበር።

«ምን አለች?» አሉ ዞር ሳይሉ።

መሲ እያለቀሰች ነገረቻቸው። «ዋሸኋት፣ አባዬ። በልቷል አልኋት።»

ጋሼ አንዳርጋቸው ጣታቸው እንደረጠበ ቆሙ። «መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ከትናንት ወዲያማ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ከትናንት ወዲያማ በልቻለሁ፣ ልጄ። አልዋሸሻትም።»

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ጎንበስ ብለው ስለ ቂጣው፣ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ዳገቱ ይነግሯቸው ጀመር። ይስሙ አይስሙ አላውቅም። እኔ ግን ስለዚያ ቂጣ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ሳይነጋ ዐረፉ።