የሃያ ስምንት ጎማ

ይህ የገጠመኝ በዚህ ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ሆኖም እስከ ዛሬ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «28» ብሎ በጻፈ ቁጥር ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ምክንያቱን ደጋግማ ጠይቃኛለች። በአንድ የዕረፍት ሰዓት ተርኬ መጨረስ ስላቃተኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

አባቴ ባጃጅ ነጂ ነው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ መጥቶ እዚሁ ድሬዳዋ መመደቤን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ወዲያው ግን «በይ እንግዲህ ሂክማ፣ ደንበኛ እያባረርኩ አንቺን በነፃ ስጭን ልኑር?» አለኝ። እየቀለደ ነበር። በሳምንቱ አብረን ብስክሌት ልንገዛ ወጣን።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየን ወፍራም ጎማ ያለውን፣ ሁሉም ሰው የሚነዳውን ማውንቴን ብስክሌት ነበር። አባቴ ወደደው። የእኔ ዓይን ግን ጥግ ላይ በቆመ አንድ ነጭ ኮርስ፣ በእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉትን ተወዳዳሪዎች እያየሁ ሁልጊዜ እቀና ነበር። ላንሳው ብዬ ስሞክር በአንድ እጄ ተነሳልኝ። አባቴ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ይሄ ጎማ ነው ወይስ የልብስ ማስጫ ገመድ?»

«አባ፣ ፈጣን ነው እኮ።»

«ፈጣንነቱ መች ጠፋኝ! ድሬ ግን እሾህ አለባት።» ከዚያ ፊቴን አየና ተሸነፈ። «እሺ። ግን ልብ በይ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ያስቀረሽ እንደሆነ ሸጠን ያንን ወፍራሙን እንገዛለን።»

ልብ አልኩ። ካቴናው እንዳይዝብኝ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የነዳሁበትን የመጀመሪያ ጠዋት መቼም አልረሳውም። የሰፈሩ ሰው «ሂክማ፣ ብስክሌትሽ ጾም ይዞ ነው እንዴ የከሳው?» እያለ ቢስቅም ምንም አልመሰለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ግን የአባቴ እሾህ መጣ። ጎማው ዛሬ ተጠግኖ ነገ ይተነፍሳል። ሁለት ጊዜ ክፍል አረፈድኩ። አባቴ እጄ ላይ ያለውን የካቴና ጥቁር ቅባት አይቶ ሳሙናውን አቀበለኝ።

ጎሚስታዬ ከድር አንድ ቀን አየር የሚይዘውን የውስጡን ካላማዳሪያ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሳው።

«እይው አቦ፣ ልጥፍ የሌለበት ቦታ አሳዪኝ። አሁን በልጥፉ ላይ ልለጥፍ?»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ብስክሌትሽ የለበሰው ጎማ ሃያ ሦስት ነው፤ ቀጭን። ቸርኬው ሃያ ስምንት ይችላል። ወፈር ያለ ሃያ ስምንት ጎማ ፈልጊና እኔም ልረፍ፣ አንቺም ረፊ።»

ብስክሌቱን እሱ ጋ ትቼ በእግሬ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። እዚያ ድስት፣ ጀሪካንና ምንጣፍ የምትሸጥ ኤዶ ሉል የምትባል ሴት አለች። «ኤዶ» በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲያ ነው። ወንድሟ በአይሱዙ ከጅግጅጋ ዕቃ ስለሚያመጣ፣ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል።

«ኤዶ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ ይዘው ከሆነ ሌላ ጊዜ ልመለስ» አልኳት። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ትልቅ ሰውን እንዲህ በአክብሮት እንዳናግር አስተምራ ነው ያሳደገችኝ።

ኤዶ ሉል ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። «እነማን ናቸው የዋሉት? እኔ ብቻዬን ነኝ! አንቺ በይኝ አቦ።»

ስለዚህ እዚህም እሷ እንዳለችው እጽፋለሁ።

«የብስክሌት ጎማ ፈልጌ ነበር፤ ሁለት።»

«የስንት?»

«የሃያ ስምንት።»

«የሃያ ስምንት!» ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «ወላሂ?»

«አዎ፣ የሃያ ስምንት» አልኩ ረጋ ብዬ። ቁጥሩን ሳልሳሳት በመያዜ ኩራት ተሰማኝ።

«ከባድ ነው። ግን ይፈለጋል።»

ከድር በልጥፉ ላይ እየለጠፈልኝ ሳምንታት አለፉ፤ በኋላ ጎማው መምጣቱን ሰምቼ ከክፍል በቀጥታ ሄድኩ። ኤዶ ሉል ገና ከሩቅ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። «ወንድሜ ጅግጅጋን አሰሰ፣ የለም። ድንበሩ ላይ ቶጎ ጫሌ ድረስ ወረደ፣ የለም። በኋላ ከአንድ ሽማግሌ መጋዘን፣ ከጆንያ ሥር አወጣልሽ!» አለችና ሁለት ጎማ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ሰፋፊና ጥቋቁር ነበሩ፤ ትልቅነታቸውን አይቼ ደነገጥኩ። የእኔን ብስክሌት አጥልቀውት ሊያልፉ የሚችሉ ነበር የሚመስሉት።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በከተማችን ትልልቅ ሰዎች ያንን ድሮ የነበረውን ረጅምና ጥቁር ብስክሌት በጎማው ቁመት፣ በኢንች «ሃያ ስምንት» ብለው ይጠሩታል። ከድር የነገረኝ ግን የጎማውን ውፍረት በሚሊሜትር ነበር። እሱ «ሃያ ስምንት ጎማ» አለኝ፤ እኔ «የሃያ ስምንት ጎማ» ብዬ አዘዝኩ። አንዲት «የ» አይሱዙ ቶጎ ጫሌ ድረስ አስነዳች።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ኤዶ ሉል ግን ቀድማ ጎረቤቶቿን ጠርታ ነበር። «ኑ እዩ! የለም ሲባል የነበረውን እዩ!» በርበሬ የምትሸጠዋ ሴት እልል አለች። በዚህ መሐል «ተሳስቻለሁ» ማለት አቃተኝ።

«አላህ ይስጥልኝ፤ በጣም አስቸገርኩሽ» ብዬ ዋጋውን ከፈልኩና ሁለቱን ጎማ በትከሻዬ አስገብቼ ወጣሁ።

ከድር ሲያየኝ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ ጥሎ ሳቀ። «ይሄ ለግመል ቀበቶ ይሆናል! ሂጂ መልሺላት።»

«አይሆንም፣ ይከፋታል።»

«ነጋዴ እኮ ናት፤ ምን ይከፋታል?»

አልሰማሁትም። ጎማዎቹን ቤት ወስጄ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምኳቸው። በማግስቱ በሱቋ በኩል ሳልፍ ድምጿ ከውስጥ መጣ።

«ሂክማ! ጎማው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ሳልቆም አለፍኩ። አልሐምዱሊላህ ውሸት አይደለም። መልስ ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ቀየርኩ። በአስፋልቱ ፋንታ ወርጄ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ብስክሌቱን እየገፋሁ ማቋረጥ ያዝኩ። እሾህ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ለኤዶ ሉል ይሉኝታ ስል ጎማዬ በየቀኑ ይበሳል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ይከብድ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና ነበረብኝ። ፀሐዩ ሲበረታ፣ ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ወደ ጥላ በገባበት ሰዓት አሸዋውን ተሻግሬ ወጣሁ። ትንሽ እንደነዳሁ የኋላው ጎማ ሲጥ ብሎ ተነፈሰ። ከድር ሩቅ ነው፤ ቢቀርብም በዚያ ሰዓት አይከፍትም። ባጃጅ አይታይም። ብስክሌቱን እየጎተትኩ የአባቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ጀመር። ፈተናው ቢያመልጠኝ ብስክሌቱ ነገውኑ ይሸጣል። እንባዬ መጣ።

«ልጄ፣ በዚህ ፀሐይ ማን ላከሽ?»

በራቸው ላይ ከኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ፈተና እንዳለብኝ ነገርኳቸው።

«ፈተናው ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳል? ገና ነው። ይልቅ ይሄን ውሃ ጠጪ።»

ከቤት የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ወጡ። ውስጡ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ አለ። ብስክሌቴን ገልብጠው ሥራ ሲጀምሩ በፈገግታ ጎማውን በጣታቸው ለኩት። «ከዚህ የወፈረ እባብ አይቻለሁ» አሉኝ። ሰዎች አው ዩሱፍ እንደሚሏቸው ነገሩኝ፤ «አው» ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው።

ማስቲሹ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ዓይኔ በግቢው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ነገር ሄደ። ረጅም፣ ጥቁር ብስክሌት። ቸርኬዎቹ ባዶ ናቸው።

«አው ዩሱፍ፣ ያ ብስክሌት የስንት ነው?»

«እሷማ ሃያ ስምንት ናት» አሉ፤ ስለ አንድ የሚወዱት ሰው እንደሚናገሩ ዓይነት። «ጎማዋ ከገበያ ጠፋ። እህቴ ከደቻቱ ማዶ ነው የምትኖረው፤ ዱሮ ጁምዓ ጁምዓ በሷ ነበር የምሄደው። አሁን እግሬ መራመድ እምቢ አለ፤ ባጃጁ ወገቤን ያነጥረዋል። ብስክሌት ግን እስከ ዛሬ አይከብደኝም።»

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያቆምኳቸው ጎማዎች ትዝ አሉኝ። ጊዜ ግን አልነበረም። ጎማውን ነፍተው «ሂጂ፣ ሩጪ» አሉኝ። ፈተናው ክፍል ስገባ ወረቀቱ ገና እየታደለ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱን ጎማ በትከሻዬ አድርጌ መጣሁ። አው ዩሱፍ ተቀብለው ገለበጧቸው፣ አሸተቷቸው። ከዚያ ራሳቸው ገጠሟቸው። ጎማዎቹ ልክክ ብለው ገቡ።

«ከየት አመጣሻቸው?»

«ኤዶ ሉል የምትባል የቀፊራ ነጋዴ ናት ያመጣችልኝ። ለኔ አልሆነኝም።»

«እንግዲያውስ መጀመሪያ እሷን ሳላመሰግን እህቴ ጋ አልሄድም። ምሪኝ።»

የፈራሁት መጣ። እሳቸው በዚያ ረጅም ብስክሌት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንሄድ፣ «ቀድሞውንም ለእሳቸው ነበር ያዘዝኩት» ልበል እያልኩ ቃሉን በአፌ ውስጥ አመላልስ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ግን አው ዩሱፍ ቀደሙኝ።

«ሉል አንቺ ነሽ? ለዚች ልጅ አልሆን ያለው ጎማ ለእኔ ሆነ። ከእህቴ አገናኘሽኝ፤ አላህ ያክብርሽ።»

ኤዶ ሉል ጎማዎቹን አየች። የእኔን ነጭ ኮርስ አየች። ከዚያ እኔን።

«ለዚህ ክር ነው የሃያ ስምንት ጎማ ያዘዝሽው?»

«ኤዶ፣ እኔ እኮ...»

«ለምን አልነገርሽኝም? ሱቅ የከፈትኩት ለሰርግ ነው እንዴ? ዕቃ ይመጣል፣ ዕቃ ይመለሳል!» ብላ ሳቀች።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

መሳቋን አቆመች። «በጎማው አልከፋኝም። በአሸዋው መሄድሽን ሰው ነገረኝ። ምን በደልኳት ብዬ ስጠይቅ ሰነበትኩ። የከፋኝ እሱ ነው።»

እንዳታዝን ብዬ የዞርኩበት መንገድ ራሱ ሲያሳዝናት ኖሯል። አው ዩሱፍ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀሪካን የሚያዩ መሰሉ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ሀዬ፣ አለቀ። ሁለተኛ ቁጥር አልሰማም ግን፤ ጎማውን ራሱን አምጪ።»

ከድር ብስክሌቴ የለበሰውን አሮጌ ጎማ አውልቆ ሰጠኝ። ኤዶ ሉል በወንድሟ መኪና መስተዋት ላይ ሰቀለችውና «ቁመቱ እንደዚህ፣ ውፍረቱ ግን ከዚህ ሞላ ያለ» ብላ በሦስት ቋንቋ አስረዳችው። በዚህ ጊዜ የመጡት ጎማዎች ልክ ሆኑ። ከድር ሲገጥማቸው «ሀቂውን ልንገርሽ፣ ደንበኛ አጣሁ» አለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አየሩ ሳይግል ከከተማው ውጭ ወዳለችው ሐርላ ነዳሁ። ዳገቱ አስለክልኮኝ ነበር፤ ጎማው ግን ጠጠሩን ዋጥ እያደረገ ሄደ፣ አንድ ጊዜም ሳይተነፍስ ተመለሰ። አባቴ በር ላይ ጠብቆ እንደገና በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። «አሁን ጎማ መሰለ» አለ። ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አያውቅም።

ዛሬ ሳስበው በስህተቴ አልቆጭም። ጁምዓ ጁምዓ አው ዩሱፍ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከመሪው ላይ ለእህታቸው የያዙትን ፌስታል አንጠልጥለው፣ ቃጭሉን እየደወሉ ያልፋሉ። እኔም ወደ አስፋልቱ ተመልሻለሁ። ከትናንት ወዲያ በቀፊራ ሳልፍ ያ የለመድኩት ድምፅ ጠራኝ።

«ሂክማ! ጎማው እንዴት ነው?»

ፍሬን ይዤ ቆምኩ። «የኋላው ትንሽ ተንፍሷል ኤዶ።»

«አየሽ!» አለች ኤዶ ሉል፣ ለእኔ የሚሆን በርጩማ እየሳበች። «እንዲህ ንገሪኝ እንጂ።»