ሰባቱም ወንበር ሲሞላ

ቀበና ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ገበየሁ ዘንድ ነበር። ገበየሁ ጋራዥ አልነበረውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክ ሆኖ ኖሮ፣ ደርግ በወደቀ ማግሥት ከሥራ ሲቀነስ፣ ይዞት የወጣው ጆሮውንና እጁን ብቻ ነው። መኪናውን አይቶ፣ ነድቶ፣ "ግዛ" ወይም "ተው" ይላል። ሚስቱ ብርቄ ያን ዘመን ስታነሣ እስካሁን ፊቷ ይፈካል። የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ እሑድ እሑድ ግን በሰው መኪና ያልወጡት ዳገት የለም።

ገበየሁ መኪና በባዶው አይሞክርማ! "ባዶ መኪና ውሸታም ነው" ይላል። ወንበሩ ሁሉ ሰው ካልያዘ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን የእንጦጦ ዳገት ካልወጣ ፍርድ አይሰጥም። ሰው ደግሞ አያጣም፤ ብርቄ አለች፣ ልጆቹ አፀደና አምሃ አሉ። አባታቸው ሞተሩን እንዲሰማ፣ ልጆቹ ዳገቱ ላይ ትንፍሽ አይሉም።

በ1990 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፣ አንድ ባለ ሰባት ወንበር አሮጌ የቤተሰብ መኪና መጣ። ባለቤቱ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ሊገዛ የፈለገው ተሾመ ደግሞ ጉርድ ሾላ አካባቢ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የአምስት ልጆች አባት ነው።

ገበየሁ መኪናውን ዞረው። በሩን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ የተለሰነበትን ቦታ ለየ። የመሀሉን ወንበር አጥፎ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ዳሰሰ፤ ተንበርክኮም የፊት ጎማዎቹ ከውስጥ በኩል መበላታቸውን አየ። ከዚያ ብርቄንና ልጆቹን ጠራ። አንድ ወንበር ባዶ ስለ ቀረ ጎረቤታቸው እማማ ዘቢደር ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቅር አላቸው። "ሙከራ ነው ወይስ ሽርሽር?" አሉ።

"ሰባት ወንበር ብለው አይደል የሚሸጡት?" አለ ገበየሁ በትሕትና። "ሰባቱንም ልይልዎት።"

ባሕር ዛፉ መሀል ሲገቡ በሁለተኛ ማርሽ ያዘው። ብርቄ ከኋላው ተቀምጣ ማጅራቱን ታያለች፤ ሞተር ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርግ ነበር። ዳገቱ ሊጋመስ ሲል የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። ቀዩ ላይ ሳይደርስ ዳር ይዞ አቆመና ሁሉንም አወረዳቸው።

መኪናው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። በእንጦጦ ሁልጊዜ ያልፋሉ እንጂ እንዲህ አረፍ ብለውባት አያውቁም። ተሾመ ለልጆቹ ከታች በዛፍ መሀል የሚጠማዘዘውን የቀበና ወንዝ ያሳያቸዋል። እማማ ዘቢደር ግን ጫካውን ሰንጥቆ በሚወርድ ቀጭን መንገድ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩ። በወጣትነታቸው አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ እንጨት ተሸክመው ወርደዋል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ከእግራቸው ሥር ካለው ድንጋይ ሌላ የሚያዩት አልነበረም።

"ለካ ከተማው ከዚህ ይታያል" አሉና ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ብርቄ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤታቸው ሆና እንጨት መሸከማቸውን አታውቅም ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ ገበየሁ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አስነሣው። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ተንተከተከ። የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጋስኬት ተበልቷል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት። ይህንኑ በሻጩም በገዢውም ፊት ተናገረ። ተሾመ አቀረቀረ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ይቆጣሉ ሲባል ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና፣ "እኔ ጋ ሞቆ አያውቅም" አሉ። "ልጆቼ ከቤት ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። የምነዳው ብቻዬን ነው።"

ቀስ ብለው ወርደው ቤት ሲደርሱ፣ ሽማግሌው ገበየሁን ለብቻው ጠርተው፣ መኪናውን በሚችለው ዋጋ እሱ ራሱ እንዲወስደው ለመኑት። ብርቄ ከበሩ ላይ ሆና ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ገበየሁ ግን አመስግኖ አይሆንም አለ።

ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ምክንያቱን ጠየቀችው።

"የራሴ ከሆነ እወደዋለሁ" አላት። "ከወደድኩት ደግሞ ሲታመም አልሰማውም። አቶ ኃይለጊዮርጊስን አላየሽም?"

"እኔንስ ትወደኝ የለ? ስታመም አትሰማም ማለት ነው?"

ገበየሁ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ አሰበ። "ሁለት ቀን ሙሉ ስሰማሽ አይደል የከረምኩት?" አለ።

ብርቄ ሳቋ አመለጣት፤ ቅሬታዋ ግን ቶሎ አልወጣላትም።

ከሳምንት በኋላ ሻጭና ገዢ ሞተሩ ተጠግኖ እንዲሸጥ ተስማሙ። ገበየሁ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ሞተሩን ፈትቶ ለመግጠም ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሙከራው ሲደገም ተሾመ ሚስቱን ጫልቱንና አምስቱን ልጆች ይዞ መጣ። ገበየሁ መሪውን ሲይዝ ሰባቱ ወንበር ሞላ፤ ተሾመ እንኳ ቦታ አጥቶ ቀረ። ብርቄ ደጃፏ ላይ ቆማ የሌላ ሰው ልጆች በየመስኮቱ ሲደረደሩ አየች። ልብሷን ቀይራ ነበር።

ጫልቱ አየቻት። የመጨረሻዋን ልጅ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "እትዬ ብርቄ፣ ይግቡ እንጂ፤ እሷን እኔ አቅፋታለሁ" አለች። ገበየሁ ስምንት ሆንን ሊል አፉን ከፍቶ፣ የሚስቱን ፊት በመስታወቱ ሲያይ ተወው። ያን ቀን መርፌው ከቦታው ሳይነቃነቅ እስከ አናቱ ወጡ።

ገበየሁ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ብርቄ አሁን ከአፀደ ጋር አያት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጫልቱ ከጉርድ ሾላ እየመጣች ትጠይቃታለች። መኪናውን ተሾመ ሸጦታል፤ የት እንደገባ ሁለቱም አያውቁም። ሲገናኙ ግን ብርቄ ያን ቀን የተቀመጠችው መሀል ነው ወይስ መስኮት ዳር እያሉ ይከራከራሉ፤ እስከ ዛሬም አልተማመኑም።