ጆሮ አልባዋ ግልገል

ልጅ ሳለሁ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነበር፤ እኔና እሳቸው ብቻ። ማታ ማታ ኩበቱ እየጨሰ፣ አንድ የበግ ጠጉር ባና ለሁለት ተከናንበን፣ የበግ ተረት ይነግሩኝ ነበር። አንዱ እንዲህ ነው፤ ጆሮ ረጅም አውራ በግ ጆሮ የሌላትን በግ አገባ፤ አንዱ ደም ሌላውን ማሸነፍ ስላቃተው ልጃቸው ጆሮ አጭር፣ የሁለቱ እኩሌታ ሆነ።

«ሁለት ጆሮ አጭሮች ሲጋቡ ግን የተቀላቀለው ይለያያል» ይሉ ነበር። «ከአራት ሁለቱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ባዶ። የቱ ቀድሞ እንደሚመጣ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው።»

ያኔ በአገራችን በግ የሚለየው ጆሮው ላይ በሚቆረጥ ምልክት ነበር። አንድ ክረምት ጎረቤታችን አያ ደምሴ ግልገል ጠፋባቸው። በዚያው ሰሞን የእኛዋ ጆሮ አጭር በግ፣ ጆሮ አጭር ከሆነው አውራችን፣ ጆሮ የሌላት ግልገል ወለደች።

«ይህች የእኔዋ ናት፤ ጆሮዋን ከነምልክቴ ቆርጠኸዋል» አሉ አያ ደምሴ ሽማግሌ ፊት።

«ጠባሳው የታለ?» አሉ አያቴ።

«አንተ ድሮም መድኃኒት ታውቃለህ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያቴ ግን «ታገሡኝ፤ ይህችው በግ ከዚያው አውራ ደግማ ትውለድ» ብለው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸው።

ከዚያ ወዲያ እሳት ሊጭር እንኳ ቤታችን የሚመጣ ጠፋ። በጓ ወለደች፤ ጆሮ አጭር። ደገመች፤ አሁንም አጭር። ያኔ፣ ያንን ተረት እንደገና ሲጀምሩልኝ፣ ከባናው ወጥቼ ከምድጃው ማዶ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ተረቱን አልጨረሱትም።

በሦስተኛው፣ አያ ደምሴ ራሳቸው በረቱ ውስጥ ቆመው ሳለ፣ ጆሮ የሌላት ግልገል ተወለደች። እርጥብ ራሷን ሲዳብሱ ቆዩና የአያቴን ጉልበት ሳሙ። አያቴም «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብለው አነሷቸው። ሰውም ተመለሰ።

እኔ ጉልበት አልሳምኩም። ልጅን ማን ይጠይቀዋል ብዬ። ያን ማታ ባናውን ገልጠው አስገቡኝ። ጠብቄ ጠብቄ «አባባ፣ ተረትሳ?» ብላቸው «አንተ ተኛ» አሉኝ። ዳግመኛም አልነገሩኝም።

ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አምና የልጅ ልጄ ከመሐል ሜዳ ከተማ መጥታ፣ ይህንኑ የዘር ውርስ ነገር ከትምህርት ቤት ተምራ ኖሮ፣ ደብተሯ ላይ አራት ሳጥን ሥላ አሳየችኝ። ከአያቴ ሰምቼዋለሁ አልኳት፤ የግልገሏንም ነገር አጫወትኳት።

«ያኔ እርስዎ አመኗቸው?» አለችኝ።

ደብተሯን አጥፌ ሰጠኋት። በማግስቱ ወደ ትምህርቷ ሄደች። አያ ደምሴስ ይቅርታቸውን ተቀብለው ሞቱ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩም።