ከባሕር የመጣ ስባሪ

የሰሊጥ መጋዘኑ ዘበኛ ማረፋቸውን የሰማሁት በሱዳን ድንበር ቆላ፣ ኮኪት መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ነው። በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን አያወልቁም ነበር፤ ኪሱ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለሉት የኮራል፣ ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጡር፣ ነጭ ስባሪ ለዓመታት ይዘው ይዞሩ ነበር። በወጣትነታቸው ፖርት ሱዳን ላይ ባሕር ጠላቂዎችን በጀልባ ያመላልሱ ነበር።

«ድንጋይ መስሎኝ ሲደክማቸው እዚያ ላይ ቁሙ አልኋቸው፤ ረግጠው ሰባበሩት። ለካ ነፍስ ያለው ነው፤ ዓሣው ቤቱን አጣ። ይችን እንኳ ወደ ባሕሩ የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም» አሉን አንድ ቀን፣ ለእኔና ለባለቤቴ።

ሾፌሩ ባለቤቴ «የሞተ ነገር ባሕር ቢገባ ምን ሊሆን ነው፣ አባባ?» ብሎ ቀለደ።

«ሰውስ ሲሞት አገሩ ይቀበር የለ፣ ልጄ?»

ባለቤቴ አፍሮ፣ ሱዳን ስሻገር አደርሰዋለሁ ብሎ ተቀበላቸው። ሳይሻገር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ባዶ ኪሳቸውን እየዳበሱ ስለ ጤናዬ ብቻ ይጠይቁኝ ነበር።

ስባሪው እኔ ቤት ነው። ባሕሩ ዘንድ አልደረሰም።