ንብ የሸሸው ቤት

የቢቸናው ደምለው አሥራ አራት ቀፎ ንብ ነበረው። በ1972 ዓ.ም. ገበሬ ማኅበሩ ከቤቱ ሥር ያለውን ምንጭ በባሕር ዛፍ ክበቡት ብሎ ሲያዝ፣ ችግኙን እያፏጨ የተከለው ራሱ ነው። «አበባውን ንብህ ይቀስመዋል» ብለውት አምኖ።

ዛፉ አበባ ሳይይዝ ተመዘዘ። በመስከረም የምንጩን ዳር ያለብሰው የነበረው፣ ንብ የሚቀስመው የማገጥ ሣር ከጥላው ሥር መብቀል ተወ። በጥር ጨፌው አመድ መሰለ። ንብ የሚቀስመውም የሚጠጣውም ሲያጣ ምን ይጠብቃል? በመጀመሪያው በጋ ሦስት ቀፎ ጥሎ ሄደ፣ በሁለተኛው ስድስት። በአራተኛው ዓመት ንብ የቀረበት ቀፎ አልነበረም።

ዛፉን የጠረጠረ የለም። አገሬው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይከርምም።

«የሚስትህ የሀብትነሽ ምላስ እንኳን ንብ ጅብ ያባርራል!» ይሉታል ጎረቤቶቹ እየሳቁ። ደምለው አልሳቀም። አሥራ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን በሰኔ ዝናብ አስወጣት።

«ለንብ ብለህ?»

«ለቤቴ ብዬ።»

«እኔስ የማን ቤት ነኝ?»

ስንቅ እንኳ አልሰጣትም። ሞጣ ወንድሟ ዘንድ በእግሯ ሄደች።

በጥቅምት ኑጉ ማሳውን ቢጫ አለበሰው። ደምለው መሃሉ ቆሞ ጆሮውን ጣለ፤ እም የሚል ነገር የለም። በታኅሣሥ ሲወቃው ገለባ ብቻ። ንብ ያልዳሰሰው አበባ ምን ሊያፈራ! ይህንንም በሀብትነሽ ሊያሳብብ ፈለገ፤ እሷ ግን የለችም። ቤቱ ጠብ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ እንደ መቃብር ጸጥ ብሏል።

በየካቲት የደረቀውን ምንጭ ሊጠርግ ወርዶ ቆፈረ። የውሃው አፍ በባሕር ዛፍ ሥር ታንቆ አገኘው። መጥረቢያውን እንደያዘ ስብሰባ ላይ ወዳለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሮጠ።

«ጓድ አምባቸው፣ ይፈቀድልኝና ልቁረጠው። ንቤን የጨረሰው እሱ ነው።»

«ዛፉ ፀረ አብዮት ነው በለና!» አለ ሊቀመንበሩ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። «የሕዝብ ዛፍ ንካና እስር ቤት ትገባታለህ።»

በማግስቱ ሞጣ ሄደ። ሀብትነሽ በወንድሟ ደጅ ጌሾ ትወቅጣለች።

«ያንቺ ጥፋት አልነበረም። ውሃውን የጠጣው ዛፉ ነው» አላት።

ዘነዘናዋን አላቆመችም። «አሁን ገባህ? በየማለዳው እንስራ ይዤ የምወርደው እኔ። ‹ውሃው እያነሰ ነው› ባልኩህ ቁጥር ‹ጠብ ጀመረች› ትለኝ ነበር።»

«በድዬሻለሁ። ነይ፣ እንሂድ።»

«ሄጄ ምን ልጠጣ?»